ደለል እንደ መዝገብ፦ የጥቃቅን የውኃ እንስሳት ምስክርነት ከብላደንስበርግ ወደብ እስከ አባ ሳሙኤል

መግቢያ

በእኛ መካከል «ወደብ» የሚለው ቃል በተነሣ ቁጥር ወዲያው የሚታወሰው የ1993 ዓ.ም. ጉዳይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኤርትራ ነጻ አገር ሆና ከተለየችበት ጊዜ ጀምሮ ምጽዋና አሰብ ከኢትዮጵያ እጅ ስለ መውጣታቸው ብዙ ተጽፏል፤ በየስብሰባውም ብዙ ተከራክረናል። ክርክሩ ስለ ውል፣ ስለ ድንበርና ስለ ዓለም አቀፍ ሕግ ነበር፤ ዛሬም ነው። ይህ ጽሑፍ ወደዚያ ክርክር አይገባም። የሚያነሣው ጥያቄ ዝቅ ያለ፣ ቃል በቃል ከውኃው በታች ያለ ነው። በአንድ ወደብ ግርጌ የተኛው ደለል በዳርቻው ስለሚኖረው ሕዝብ ምን መዝግቧል? መዝገቡንስ ማን ያነበዋል?

ጥያቄው ወደ ጸሐፊው አእምሮ የመጣው በኮሌጅ ፓርክ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሁለተኛ ሕንጻ በ1994 የተከፈተው በዚህች ከተማ ሲሆን፣ ስለ አገራችን የተጻፉ ብዙ የዲፕሎማሲ ሰነዶች በካርቶን ታሽገው የሚገኙት በዚያ ነው። ከእኛ መካከል የአገሩን ታሪክ ለማንበብ ወደዚያ ያልተመላለሰ ጥቂት ነው። ከዚያ ሳይርቅ፣ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በኩል፣ ፔይንት ብራንች የተባለ ትንሽ ወንዝ ያልፋል። ይህ ወንዝ ከኢንዲያን ክሪክ ጋር ተገናኝቶ የአናኮስቲያ ሰሜን ምሥራቅ ገባር ይሆናል። በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል የሚወርደው ስላይጎ ክሪክም የሰሜን ምዕራቡን ገባር ይቀላቀላል። ሁለቱ ገባሮች ከብላደንስበርግ በላይ ሲገናኙ አናኮስቲያ ወንዝ ይባላሉ፤ አናኮስቲያም ዋሽንግተንን አቋርጦ ወደ ፖቶማክ ይገባል። እንግዲህ በሲልቨር ስፕሪንግና በኮሌጅ ፓርክ የምንኖር ኢትዮጵያውያን፣ ብናውቀውም ባናውቀውም፣ የአንድ ወንዝ ልጆች ሆነናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከደለል ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት የወደብንና የወንዝን ብክለት ለመመዘን እንዴት እንዳገለገሉ በታሪክ መልክ ማሳየት፣ ከዚያም ይኸው ዕውቀት በአገራችን የት እንደ ደረሰ መመርመር ነው። ጸሐፊው የታሪክ ተማሪ እንጂ የሥነ ሕይወት ሊቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የምስክርና የሰነድ ጉዳይ በመሆኑ የታሪክ ተማሪንም የሚመለከት ይመስለዋል።

፩. ያለ ጦርነት የጠፋ ወደብ

ብላደንስበርግ በ1742 የተቆረቆረች የወደብ ከተማ ናት። በዚያን ጊዜ የባሕር መርከቦች ከአትላንቲክ ተነሥተው በቼሳፒክና በፖቶማክ በኩል እስከዚህች ከተማ ይደርሱ ነበር። የሚጭኑት ዋና ሸቀጥ በባሪያዎች ጉልበት የሚመረት ትንባሆ ነበር። ከፖቶማክ ማዶ የምትገኘው አሌክሳንድርያም በ1749 የተመሠረተችው ለዚሁ ንግድ ነው። የታሪክ መጻሕፍት ብላደንስበርግን የሚያስታውሷት ግን በነሐሴ 24 ቀን 1814 በተደረገው ጦርነት ነው፤ እንግሊዞች በዚያ ድል አድርገው በዚያው ምሽት ዋሽንግተንን አቃጥለዋልና።

ወደቡን ያጠፋው ግን የእንግሊዝ ጦር አልነበረም። ትንባሆ መሬትን ቶሎ ያደክማል። ገበሬው የደከመውን ማሳ እየተወ አዲስ ደን ይመነጥራል፤ የተራቆተው አፈር በዝናብ እየታጠበ ወደ ወንዙ ይወርዳል። በዚህ ሁኔታ ከአንድ መቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የወንዙ ጥልቀት በደለል እየተሞላ ሄደ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ብላደንስበርግ ለባሕር መርከብ የማትሆን ከተማ ሆና ቀረች። ማንም አልወረራትም፤ ማንም በውል አልወሰዳትም። የገዛ ኮረብታዋ አፈር ወርዶ ዘጋት።

ግንድ ይዞ ይዞራል በሚባልለት በአባይ አገር ላደገ ሰው ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንም። ዓባይ ከግንዱ ይልቅ ይዞ የሚዞረው አፈር እንደሚበዛ የጎጃም ገበሬ ከማናችንም በፊት ያውቃል። ወደብ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ብቻ እንደማይታጣ፣ በማሳ ላይም እንደሚታጣ ከብላደንስበርግ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው።

ሁለተኛው ነገር ደለሉ ራሱ ሰነድ መሆኑ ነው። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ግሬስ ብረሽ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ግርጌ ቀጥ ያለ ቱቦ እየሰደዱ ባወጡት የደለል ዓምድ ላይ በሠሩት ጥናት፣ በደለሉ ውስጥ የተቀበረውን የአበባ ብናኝ በመቁጠር አውሮፓውያን ሰፋሪዎች ደኑን የመነጠሩበትን ዘመን ለይተው አሳይተዋል። ደን ሲመነጠር በባዶ መሬት ላይ የሚበቅል አንድ የአረም ዓይነት ይበዛል፤ ብናኙም በዚያ ዘመን በወረደው ደለል ውስጥ በዝቶ ይገኛል። ታሪክ ጸሐፊ የንጉሥ ማኅተም አይቶ የሰነድን ዕድሜ እንደሚወስን ሁሉ፣ እርሳቸውም ብናኝ አይተው የደለልን ዕድሜ ወስነዋል።

፪. ኬሚስትሪ ብቻውን ያልመለሰው ጥያቄ

ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ ወደ አናኮስቲያ የወረደው አፈር ብቻ አልነበረም። በ1799 የተመሠረተው የዋሽንግተን የባሕር ኃይል ግቢ ለረጅም ዘመን መድፍ ያመርት ነበር፤ ይህ ቦታ በ1998 በፌዴራሉ መንግሥት የከፍተኛ ብክለት ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። በወንዙ ዳርቻ በኬኒልወርዝ የከተማው ቆሻሻ ከ1942 እስከ 1968 በገላጣ ሜዳ ላይ ይቃጠል ነበር። የፍሳሽ ቱቦዎች፣ የባቡር ጣቢያዎች፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫና ከመንገድ የሚታጠበው የመኪና ዘይት ሁሉ ድርሻቸውን አዋጥተዋል። የዋሽንግተን አስተዳደር በ1971 በወንዞቹ መዋኘትን በሕግ ከለከለ።

እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየም፣ ፒሲቢ የሚባለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ዘይትና ክሎርዴን የመሰሉ ጸረ ተባይ መድኃኒቶች በውኃ ውስጥ ብዙ አይቆዩም። ከደቃቅ ሸክላና ከበሰበሰ ቅጠል ጋር ይጣበቁና ከደለሉ ጋር ይሰጥማሉ። ስለዚህ ውኃው ጠርቶ ሳለ ደለሉ መርዝ ሊሆን ይችላል። ውኃን ብቻ የሚለካ ሰው ወንዙ ድኗል ብሎ ሊፈርድ ይችላል፤ መርዙ ግን ከእግሩ በታች ተኝቷል።

እንግዲያው ደለሉን ወስዶ በኬሚስትሪ መመርመር አይበቃምን? አይበቃም። በደለል ውስጥ ብዙ ብረት መኖሩ ብረቱ ሕያው ነገርን ይጎዳል ማለት አይደለም። አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ የሚፈጠረው ሰልፋይድ ካድሚየምን ወይም እርሳስን አስሮ ሊይዘው ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ እያንዳንዱ ለብቻው ጥቂት የሆነ አሥር ዓይነት መርዝ በአንድነት ሲገኝ ሊገድል ይችላል። የኬሚስትሪ ባለሙያ የሚያገኘው የፈለገውን ነገር ብቻ ነው፤ ያልፈለገው መርዝ በዝርዝሩ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ጥያቄው «ምን ያህል አለ?» ከሚለው ወደ «በሕይወት ላይ ምን አደረገ?» ወደሚለው መዞር ነበረበት። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው በዚያው ጭቃ ውስጥ የሚኖረው፣ ጭቃውን የሚበላውና በጭቃው ውስጥ የሚተነፍሰው ፍጡር ነው።

፫. ዘዴው ከየት መጣ?

የዚህ አስተሳሰብ መሠረት የተጣለው በጀርመን ነው። ኮልክቪትስና ማርሶን የተባሉት ሁለት ሊቃውንት በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ፣ በተለይም በ1908 እና በ1909 ባሳተሟቸው ሥራዎች፣ የውኃ ዕፀዋትንና እንስሳትን የፍሳሽ ብክለትን በሚችሉበት መጠን በደረጃ ከፈሏቸው። የተበከለ ወንዝ ከፍሳሹ ሥር ወደ ታች በተጓዘ ቁጥር እየዳነ ይሄዳል፤ የሚኖሩበትም እንስሳት በየደረጃው ይለወጣሉ። ከፍሳሹ አፍ አጠገብ ቀይ የጭቃ ትሎችና የአንዳንድ ትንኝ መሰል ዝንቦች ቀይ ዕጮች ብቻ ይርመሰመሳሉ። ቅላታቸው ከሄሞግሎቢን የመጣ ነው፤ ኦክስጅን እጅግ ባነሰበት ጭቃ ውስጥ ለመተንፈስ ይረዳቸዋል። ጭንቅላታቸው በጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ጅራታቸው ብቻ ሲውለበለብ ይታያል። በንጹሕና ፈጣን ውኃ ውስጥ ግን በድንጋይ ሥር የሚለጠፉ፣ በሆዳቸው ጎንና ጎን ስስ መተንፈሻ ያላቸውና ለኦክስጅን እጥረት ቶሎ የሚሸነፉ የነፍሳት ዕጮች ይገኛሉ።

በአሜሪካ ሩት ፓትሪክ በ1948 በፔንሲልቬንያ ኮነስቶጋ ወንዝ ላይ ባካሄዱት ጥናት የአንድ ወንዝ ጤና በአንድ የእንስሳ ዓይነት ሳይሆን በሚገኙት ዓይነቶች ብዛትና ስብጥር መመዘን እንዳለበት አሳዩ። በእንግሊዝ ደግሞ ኖኤል ሃይንዝ በ1960 ስለ ተበከሉ ውኆች ሥነ ሕይወት ያሳተሙት መጽሐፍ ለብዙ አገሮች መማሪያ ሆነ። የሃይንዝን ስም አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ አዲስ አበባ ስንደርስ እንደገና እናገኛቸዋለንና።

ዘዴው ከወንዝ ወደ ወደብ የተሻገረው በሕግ ምክንያት ነው። ወደብ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ግርጌው በየጊዜው መጠረግ አለበት፤ የተጠረገውም ደለል አንድ ቦታ መጣል አለበት። በ1972 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከወደብ የተጠረገ ደለል ወደ ባሕር ከመጣሉ በፊት በሕይወት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንዲመረመር አስገደደ። ከዚህ በኋላ ትንሿ እንስሳ ቃሏ በሕግ ፊት የሚሰማ ምስክር ሆነች። በ1985 ሪቻርድ ስዋርትዝና ባልደረቦቹ በኦሪገን አምፊፖድ በተባሉ ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን እንስሳት የሚካሄደውን የደለል ፈተና ሥርዓት አሳተሙ። በዚያው ዓመት ኤድዋርድ ሎንግና ፒተር ቻፕማን በፑጄት ሳውንድ ጥናታቸው ሦስት ምስክሮች በአንድነት እንዲሰሙ ሐሳብ አቀረቡ፦ የደለሉ ኬሚስትሪ፣ በቤተ ሙከራ የሚደረግ የመርዛማነት ፈተናና በቦታው የሚኖሩት እንስሳት ቆጠራ። ከሦስቱ አንዱ ብቻውን ሊሳሳት ይችላል፤ ሦስቱ ሲስማሙ ግን ፍርዱ ይጸናል።

የፈተናው አሠራር ቀላል ነው። ከወደቡ የመጣው ደለል በማሰሮ መሰል ብርጭቆ ይደረግና ውኃ ይፈስበታል፤ 20 አምፊፖዶች ይለቀቁበታል። ከ10 ቀን በኋላ ደለሉ በወንፊት ተነፍቶ የተረፉት ይቆጠራሉ። ለማነጻጸሪያ በተቀመጠው ንጹሕ ደለል ውስጥ ከመቶው ቢያንስ 90ው ካልተረፉ ፈተናው ራሱ ውድቅ ነው።

በምሥራቁ ጠረፍ ለዚህ ፈተና የተመረጠው አምፊፖድ ሌፕቶኬይረስ ፕሉሙሎሰስ ይባላል። ርዝመቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በጭቃ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ይኖራል። ይህን እንስሳ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አግኝቶ በ1932 በሳይንስ ስም የጠራው የዋሽንግተኑ ብሔራዊ ሙዚየም ባልደረባ ክላረንስ ሹሜከር ነበር። ሹሜከር ስለ ወደብ ብክለት አላሰበም፤ የሠራው አንድን ፍጡር ከሌላው ለይቶ መግለጽ ብቻ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ግን ያ ትሑት ሥራ የአንድ ትልቅ ወደብ መመዘኛ ሆነ።

፬. ባልቲሞርና አናኮስቲያ

ከኮሌጅ ፓርክ በስተ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው የባልቲሞር ወደብ ከመቶ ዓመት በላይ የብረት ፋብሪካ፣ የመርከብ ግንባታና የኬሚካል ሥራ ማዕከል ሆኖ ኖሯል። የስፓሮውዝ ፖይንት የብረት ፋብሪካ እስከ 2012 ድረስ ሠርቷል። ከወደቡ መግቢያ የሚጠረገው ደለል ከ1980ዎቹ ጀምሮ እስከ 2009 ድረስ በሃርት ሚለር ደሴት በተሠራ ግድብ ውስጥ ሲከማች፣ በደሴቱ ዙሪያ የሚኖሩት የግርጌ እንስሳት በየጊዜው ይቆጠሩ ነበር። ቤት ማጊና ባልደረቦቿ በ1999 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ሹሜከር ስም ያወጣለትን አምፊፖድ ተጠቅሞ በባልቲሞር ወደብ የደለሉን ብክለት፣ በቤተ ሙከራ የሚያደርሰውን ሞትና በወደቡ ውስጥ የሚኖረውን የአምፊፖድ ሕዝብ ሁኔታ ጎን ለጎን አስቀምጦ መረመረ። በብርጭቆ የታየው በባሕሩ ውስጥ እውነት መሆን አለመሆኑን የሚያረጋግጠው እንዲህ ያለው ሥራ ነው።

በአናኮስቲያ ሌላ ዓይነት ምስክር ተጠርቷል። የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሃሪየት ፌልፕስ ከእስያ መጥቶ በፖቶማክ የተራባውን ትንሽ ዛጎል ለበስ እንስሳ በመረብ ቅርጫት እያደረጉ በአናኮስቲያና በገባሮቹ ውስጥ አኖሩት። እንስሳው ውኃ እያጣራ የሚኖር በመሆኑ በውኃው ያለውን መርዝ በሥጋው ያከማቻል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሥጋው ሲመረመር መርዙ ከየትኛው ገባር እንደሚመጣ ለመከታተል ተቻለ። የወንዙ ተወላጅ ያልነገረውን ስደተኛው ተናገረ ማለት ነው።

በ2001 በአልፍሬድ ፒንክኒና ባልደረቦቹ የታተመው ጥናት በአናኮስቲያ ከተያዙት ትላልቅ ቡናማ አምባዛ መሰል ዓሦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በጉበታቸው ዕጢ እንዳለባቸው ገለጸ። ዓሣው በግርጌው ላይ ተኝቶ ከደለሉ የሚመገብ ነው፤ ከሚበላቸውም መካከል እነዚያው ትሎችና ዕጮች አሉበት። በትል የተጀመረው ጉዳይ እንዲህ ወደ ዓሣ ወጣ፤ ከዓሣ ደግሞ በወንዙ ዳርቻ ዓሣ አጥምዶ ቤተሰቡን ወደሚመግበው ድሃ ይሄዳል። በ2009 ሎንግና ቻፕማን ባቀዱት የሦስት ምስክሮች ዘዴ የአናኮስቲያ ደለል ሁኔታ ታትሞ ወጣ። በ2020 የከተማው አስተዳደር የደለሉን ጽዳት የሚመለከት ጊዜያዊ ውሳኔ አሳለፈ። በ2018 እና በ2023 የተከፈቱት ትላልቅ የፍሳሽ ዋሻዎችም ወደ ወንዙ የሚገባውን ቆሻሻ በእጅጉ ቀንሰዋል። የዓሦቹም ዕጢ ከቀድሞው እየቀነሰ መምጣቱ በተከታታይ ጥናቶች ታይቷል። ወንዙ አልዳነም፤ ነገር ግን መሻል አለመሻሉን የሚነግር የተከማቸ መዝገብ አለው።

፭. የአዲስ አበባ ወንዞች

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አዲስ አበባ በ1886 ስትቆረቆር ከእንጦጦ የሚወርዱት ወንዞች የመጠጥና የማጠቢያ ውኃ ነበሩ። ዛሬ ትንሹና ትልቁ አቃቂ የከተማውን ፍሳሽ፣ የቆዳና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችን ዝቃጭ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽም ወደ ቆቃ ይወርዳሉ። በዳርቻቸው ጎመንና ሰላጣ ይመረታል። ፍሥሐ ኢታና በ2002 ባሳተሙት ጥናት በከተማው ዙሪያ በሚመረቱ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ያለውን የብረታ ብረት መጠን መርምረዋል።

አባ ሳሙኤል በ1930ዎቹ የተሠራ፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ሐይቅ ነው። ደለሉ እየሞላው በ1970ዎቹ ሥራ አቆመ፤ በ2010ዎቹ በቻይና እርዳታ ማመንጫው ታደሰ። የብላደንስበርግን ታሪክ ላነበበ ሰው የአባ ሳሙኤል ታሪክ እጅግ የሚመሳሰል ነው፤ በአንድ በኩል ከኮረብታ የወረደ አፈር፣ በሌላ በኩል ከከተማ የወረደ መርዝ በአንድ ጉድጓድ ተገናኝተዋል። አባ ሳሙኤል ወደብ አይደለም፤ ደለሉ ግን እንደ ወደብ ደለል የአንድን ዋና ከተማ ሥራ መዝግቦ ይዟል።

ይህን መዝገብ ማንበብ የተጀመረው ብዙዎቻችን ከምናስበው ቀደም ብሎ ነው። ቀደም ሲል የጠቀስናቸው ሃይንዝ፣ በዚያን ጊዜ በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ፣ ከባልደረባቸው ሃሪሰን ጋር በ1988 የኢትዮጵያን የተራራ ጅረቶችና ወንዞች የግርጌ እንስሳት የሚገልጽ ሥራ አሳተሙ። በተከታዩ ዓመት በ1989 ተስፋዬ በርሄ ከእነርሱ ጋር በመሆን አዲስ አበባን የሚያቋርጥ አንድ ወንዝ እንዴት እየተበላሸ እንደሚሄድ በነዚሁ እንስሳት ምስክርነት አሳየ። ዘመኑን እናስታውስ። አገሪቱ በጦርነት ላይ ነበረች፤ ከመካከላችን ብዙዎቹ ወጥተው ነበር፤ የቀረነው ለመውጣት እናስብ ነበር። በዚያ ጊዜ አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በከተማው ወንዝ ውስጥ የሚገኙትን ጥቃቅን እንስሳት ለይቶ ይቆጥር ነበር። ያ ቆጠራ ባይደረግ ኖሮ ከዚያ ወዲህ ስለ ጠፋው ነገር ዛሬ በማስረጃ መናገር ባልተቻለ ነበር።

ሥራው ቀጥሏል። ሰሎሞን አካሉ፣ ሥዩም መንግሥቱና ሥዩም ለታ በ2011 በትልቁ አቃቂ ላይ የሰውን ጫና በግርጌ እንስሳት የመዘኑበትን ጥናት አሳተሙ። በባሕር ዳር የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ በዓባይ መነሻ ላይ ያደረሰው ጉዳት በዚሁ ዘዴ ተመርምሮ በ2014 ታትሟል። የጣና ወደቦች የባሕር ዳርና የጎርጎራ ሰዎች የሚኖሩት ከዚሁ ውኃ ጋር መሆኑን ልብ ይሏል። በ2015 አስቻለው ላቀውና ኦቶ ሞግ ለመካከለኛውና ለደቡብ ምሥራቁ ከፍተኛ ቦታዎች የሚሆን፣ በአገራችን እንስሳት ላይ የተመሠረተ መመዘኛ አቀረቡ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ የጀርመን ወይም የእንግሊዝ ትል የኢትዮጵያን ወንዝ ሊመዝን አይችልምና። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ2002 ወጥቷል። በ2019 የአዲስ አበባን የወንዝ ዳርቻዎች የማልማት ፕሮጀክት ተጀምሯል። ዳርቻው በድንጋይ ሲነጠፍና በአበባ ሲሸፈን ማየት ደስ ያሰኛል፤ ወንዙ መዳን አለመዳኑን የሚናገረው ግን ከአበባው በታች ያለው ጭቃ ነው።

፮. የምስክርነት ወሰን

ታሪክ ጸሐፊ ምስክሩን ሳይመረምር አይቀበልም። ጥቃቅን እንስሳትም ሊያሳስቱ ይችላሉ። ከአንድ ቦታ የጠፉት በመርዝ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የኦክስጅን እጥረት፣ የጨው መጠን መለዋወጥ፣ የደለሉ ሻካራነት፣ በክረምት የወረደ ደራሽ ጎርፍ ሊያጠፋቸው ይችላል። ስለዚህ ነው ንጹሕ የማነጻጸሪያ ቦታና የብዙ ወቅት ቆጠራ የሚያስፈልገው።

ከዚህ የሚከፋው ምስክሩ ሲለማመድ ነው። በኒው ዮርክ ሐድሰን ወንዝ ላይ በምትገኘው ፋውንድሪ ኮቭ አንድ የባትሪ ፋብሪካ ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ብዙ ካድሚየም ይጥል ነበር። ክለርክስና ሌቪንተን በ1989 እንዳሳዩት በዚያ ጭቃ የሚኖር አንድ የትል ዓይነት በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ መርዙን የሚቋቋም ዘር ሆኖ ነበር። ከሌላ ቦታ የመጣ የዚያው ዓይነት ትል ግን በዚያ ጭቃ ውስጥ ይሞታል። ትል በብዛት አየሁ ብሎ ቦታው ደኅና ነው የሚል ሰው ስለዚህ ይሳሳታል። ቦታው ከጸዳ በኋላ ግን ይህ የመቋቋም ኃይል በትውልዶች ውስጥ እየቀነሰ ሄደ። መርዝን መልመድ ከመዳን ጋር አንድ እንዳልሆነ ይህ ጥናት በግልጽ ያስረዳል፤ በደጋ ከተሞቻችን ሽታውን ለምደን በድልድይ ላይ ስናልፍ ለኖርነውም የሚናገረው ነገር አለው።

መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ይመራል። ይህ ዘዴ በመሣሪያ ረገድ ርካሽ ነው፤ ወንፊት፣ ባልዲ፣ ነጭ ሳሕንና አጉሊ መነጽር ይበቁታል። ውዱ ነገር ሰው ነው። ትልን ከትል፣ ዕጭን ከዕጭ የሚለይ ዓይን በአንድ ዓመት አይሠለጥንም፤ ሲሠለጥንም በቦታው መቆየትና በየዓመቱ ወደዚያው ድልድይ መመለስ አለበት። አናኮስቲያ መዝገብ ያገኘው ሰዎች በአንድ ወንዝ ላይ ብዙ ዓመት ስለ ቆዩበት ነው። አገራችን ግን ያሠለጠነቻቸውን ሰዎች ለረጅም ዘመን ወደ ውጭ ሰድዳለች። እኛው ራሳችን የዚያ ኪሳራ ማስረጃዎች ነን። ደለል ከኮረብታ ታጥቦ እንደሚወርድ ዕውቀትም ከአገር ታጥቦ ወርዷል፤ አፈሩ ወደ ሱዳን፣ እኛም ወደ ፖቶማክ።

ይህን ተናግሮ ማዘን ብቻ አይበቃም። ከሩቅ ሆነን ልንሠራው የምንችለው አንድ የተወሰነ ሥራ አለ። በአማርኛ «ትል»፣ «አልቅት»፣ «ቀንድ አውጣ» እንላለን። ከድንጋይ ሥር የሚለጠፉትን፣ የንጹሕ ውኃ ምስክር የሆኑትን ዕጮች ግን በሥነ ጽሑፋችን ለይተን የምንጠራበት የተለመደ ስም የለንም። ስም የሌለው ምስክር ደግሞ በፍርድ ቤትም በትምህርት ቤትም ሊጠራ አይችልም። ከብቱን በየወንዙ የሚያጠጣው እረኛ፣ ውኃ የምትቀዳው እናት ምናልባት በየአካባቢያቸው ስም አውጥተውላቸዋል። ይህን ስም ከየአውራጃው መሰብሰብ፣ ከሳይንሳዊው ስም ጋር ማመሳከር፣ የ1988ቱን ሥራና ከዚያ ወዲህ የታተሙትን በአማርኛ አሳጥሮ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆን መለያ መጽሐፍ ማዘጋጀት ከዚህ ማኅበር አቅም በላይ አይደለም። ከመካከላችን የሥነ ሕይወት፣ የቋንቋና የታሪክ ሰዎች አሉ፤ ሦስቱም ያስፈልጋሉ።

ሹሜከር በ1932 ለአንዲት የጭቃ እንስሳ ስም ሲያወጣ የባልቲሞርን ወደብ የሚመዝን መለኪያ እየሠራ መሆኑን አላወቀም ነበር። በቀበናና በአቃቂ ዳር የሚያድጉ ልጆች ከድንጋይ ሥር ያገኙትን እንስሳ በገዛ ቋንቋቸው ጠርተው «ይህ ያለበት ውኃ ደኅና ነው» ለማለት እንዲችሉ፣ ስሙን አዘጋጅቶ መጠበቅ የእኛ ድርሻ ነው።